ሮማን ያልደረሳት መልእክት

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየዓመቱ ከፋሲካ በፊት ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የተሻረውን ጾም እዘረዝራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን አፌ ይያዛል። "ሌላስ?" ይሉኛል። "ሌላ የለም፣ አባ" እላለሁ። ሌላ ነበር። ጓደኛዬን ከሚሞት አባቷ አስቀርቻታለሁ። በክፋት አይደለም ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ሌላ ስም ፈልጌ አጥቼለታለሁ።

ጓደኛዬ ሮማን ትባላለች። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአባቷ ከጋሽ ተሰማና ከታናሽ ወንድሟ ከዳዊት ጋር ትኖር ነበር። ጓደኛዬ ማለቱ ያንሳታል፤ አሜሪካ የገባሁ ሰሞን አልጋዋን ለእኔ ለቃ አራት ወር ሶፋ ላይ የተኛች ሴት ናት። እኔ ደግሞ እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ቅርንጫፉ በየአገሩ ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል ሀውስኪፒንግ እሠራ ነበር። የሰው አልጋ አነጥፋለሁ፣ የሰው ፎጣ እለውጣለሁ፣ የሰው ጸጉር ከመታጠቢያ ገንዳ እለቅማለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስሠራ አንድም ቀን ሆቴል አድሬ አላውቅም ነበር።

ወደ ጃፓን የመሄዱ ሐሳብ የሮማን ነው። በየሚያዝያው ዋሽንግተን ወርደን በውሃው ዳር የተተከሉትን የቼሪ ዛፎች እናይ ነበር። ዛፎቹ ከጃፓን የመጡ መሆናቸውን ከሰማች ወዲህ "አንድ ቀን አገራቸው ሄደን እናያቸዋለን" ማለት አመጣች። ለሠራተኛ በሚሰጠው ቅናሽ የሆቴሉን የኦሳካ ቅርንጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። የሆቴሉን ስልክ ቁጥር በትልልቁ ጽፌ እነሮማን ፍሪጅ ላይ የለጠፍኩትም እኔው ነኝ፤ የእኛ ስልክ እዚያ አይሠራም ነበርና። ጋሽ ተሰማ ትንሽ ያስላቸው ነበር። ከወንበራቸው ሳይነሱ መረቁንና እጄን ይዘው "አደራ፣ ልጄን በደህና መልሺልኝ። ያያችሁትን ደግሞ መጥታችሁ ትነግሩኛላችሁ" አሉኝ። አደራውን ተቀበልኩ።

ቅዳሜ ኦሳካ ገባን። ክፍላችን ከመጥበቡ የተነሳ የአንዳችን ሻንጣ ሲከፈት የሌላችን መዘጋት ነበረበት። ሽንት ቤቱ ቁልፍ በቁልፍ ነው፤ ሮማን አንዱን ስትነካው ውሃው ተነስቶ ደረቷን አራሰላትና ጎረቤት እስኪሰማ ሳቅን። አልጋችን ላይ የታጠፈ የሌሊት ልብስ፣ በሩ ሥር ደግሞ በላስቲክ የታሸገ ነጭ ስሊፐር ተቀምጦ ነበር። እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት አንሶላውን ገልጦ ማዕዘኑን ማየት ነው። አስተጣጠፉ ከእኔ ይበልጣል። በማግስቱ ጠዋት አልጋዬን ሆን ብዬ እንዳደረ ትቼው ወጣሁ። ሮማን የራሷን እያነጠፈች "ምነው እመቤቴ፣ ሙያሽ ጠፋብሽ?" ብላ አሾፈችብኝ። ስንመለስ ተነጥፎ አገኘሁት። ሰው አልጋዬን አነጠፈልኝ ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ጥፋቱ የጀመረው ከዚህ ደስታ ስለሆነ ነው።

እሑድ ማታ ሮማን ቤት ደውላ አባቷን አነጋገረች። ደህና ነበሩ። ሰኞ ጠዋት እሷ ጸጉሯን ስትታጠብ እኔ ቀድሜ ለቁርስ ወረድኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራው መነጽር ያደረገች ሴት ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ፖስታ አቀበለችኝ። በእኛም አገር ለተከበረ ሰው እንዲህ ነውና የሚሰጠው፣ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ፖስታው ላይ የተጻፈው የሮማን ስም ነው። ከፈትኩት። "ለቤት በቶሎ ደውይ፤ ዳዊት" ይላል።

ከአዳራሹ ስልክ በካርድ ደወልኩ። ዳዊት ድምፁ ተለውጧል። ማምሻውን አባቱ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል እንደገቡ፣ ሐኪሞቹ ሳንባቸው ነው እንዳሉ ነገረኝ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ "በሩ በተከፈተ ቁጥር ሮማን መጣች ወይ ይላሉ። ቲኬቱን ቼንጅ አድርጊና ይዘሻት ነይ። እንዳትደነግጥ ቀስ ብለሽ ንገሪያት።"

እሺ አልኩት። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር። ሊፍቱን ስጠብቅ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ፤ የቼሪው አበባ በየከተማው የሚፈነዳበትን ቀን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነው። ኦሳካ ሐሙስ ይላል። በሦስት ቀን። ሽማግሌ ናቸው፣ ሲያስላቸው የኖረ ነው፣ ሁለት ቀን ተኝተው ይወጣሉ አልኩ ለራሴ። ሐኪም ነኝ? ማን ነግሮኝ ነው? ማንም አልነገረኝም፤ እኔ ነኝ የፈለግኩት። ክፍላችን ስገባ ሮማን ጸጉሯን በፎጣ ጠቅልላ "ቁርሱ ምንድን ነው?" አለችኝ። "ዓሣ" አልኳት። ፖስታው ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከቁርስ በኋላ ቦርሳዬን ረሳሁ ብዬ ብቻዬን ተመለስኩና ዳዊት ጋ ደወልኩ። አየር መንገዱን እንዳነጋገርኩ፣ የአበባው ሰሞን ስለሆነ ሁሉም በረራ እንደሞላ፣ ከቅዳሜ በፊት አንድም ወንበር እንደሌለ ነገርኩት። አየር መንገዱ ጋ አልደወልኩም። ቁጥሩን እንኳ አላወጣሁም። ዳዊትም "እንግዲያው አትንገሪያት። እዚያ ሆና ምን ታደርጋለች፣ ታብድብናለች እንጂ" አለኝ። እኛ ክፉ ወሬ በስልክ አንናገርም፤ ሰው በሰው አገር፣ ሆቴል ውስጥ፣ ዘመድ በሌለበት መርዶ አይረዳም። ደግ ልማድ ነው። እኔ ከዚያ ደግ ልማድ ሥር ገብቼ ተደበቅኩ።

በዚህም አልበቃኝም። የሆቴልን አሠራር አውቀዋለሁ። እንግዳ ከጠየቀ ኮምፒውተሩ ላይ በክፍሉ ስም ማስታወሻ ይገባል፤ ያን ማስታወሻ ጠዋት የገባውም ማታ የተተካውም ሠራተኛ ያከብረዋል። ባለመነጽሯን ሴት ጓደኛዬ የልብ ሕመምተኛ ናት አልኳት። ለክፍላችን የሚመጣ መልእክትም ስልክም ለእኔ ብቻ እንዲሰጥ ጠየቅኳት። ፊቷ አዘነ፤ አጎንብሳ እሺ አለችና ጻፈችው። የሠራሁበትን ሙያ፣ እንጀራ የበላሁበትን ሙያ፣ ለዚህ አዋልኩት። ይህን ሳስብ ከውሸቱ ይልቅ ያሳፍረኛል።

ረቡዕ ሁለተኛው ፖስታ መጣ። ዳዊት ስደውልለት ብሶባቸዋል አለኝ። የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ሮማን ከውጭ እንደገባን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስልኩን አነሳች። አባባ ለሳላቸው ጠጡ ያልኳቸውን እየጠጡ ይሆን፣ ልጠይቃቸው አለች። እዚያ ገና አልነጋም ነበር። እንዲህ አልኳት፤

"በዚህ ሰዓት ስልክ ሲጮህ አባትሽ ምን እንደሚያስቡ ታውቂያለሽ አይደል? መርዶ መጣ ብለው ነው የሚደነግጡት።"

"እውነትሽን ነው" ብላ ስልኩን ቦታው መለሰችው። ቀስ ብላ ነው ያስቀመጠችው፤ እስከ ዛሬ ድምፁን እሰማዋለሁ። ጥሪው ሆስፒታል ባይደርስ እንኳ ቤት ዳዊትን ታገኝ ነበር፣ እሱም ሆስፒታል ሄዶ ስልክ አባቷ ጆሮ ላይ ያስደግፍላት ነበር። ድምፅዋን ይሰሙ ነበር። መሄዱን ብቻ አይደለም የነሳኋት፤ ድምፅዋንም ነሳኋቸው።

ሐሙስ አበባው ፈነዳ። ወንዙ ዳር ከዛፉ ሥር ሰማያዊ ሸራ አንጥፈው ከተቀመጡት ጃፓኖች መሐል አንዲት አሮጊት ቦታ ለቀቁልንና ሩዝ በሣጥን ይዘን ተቀመጥን። አበባው እየረገፈ ሮማን ጸጉር ላይ ያርፋል። "ለአባባ እንዴት አድርጌ ነው ይህን የምነግራቸው?" አለች። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን አልደብቅም። ሁሉን እያወቅኩ፣ ሁለት ፖስታ በቦርሳዬ ይዤ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንዴት ያለ ልብ ነው እንዲህ የሚያደርገው? አሥር ዓመት ሙሉ ጠይቄዋለሁ፤ የእኔ ልብ ነው፣ ሌላ መልስ የለውም።

ዓርብ ጠዋት ባለመነጽሯ ሴት ሦስተኛውን ፖስታ ሰጠችኝ። ሳልከፍተው አወቅኩ። ጋሽ ተሰማ አርፈዋል። ወደ ክፍል ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ስወጣ ሮማን ሻንጣዋን እያሰናዳች ነበር። ያንን በላስቲክ የታሸገ ነጭ ስሊፐር ልብሷ መሐል ሸጎጠችው። "ለስላሳ ነው፣ ለአባባ እግር ይሆናል" አለች። ይሆናል አልኳት።

ቅዳሜ ዋሽንግተን፣ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ዳዊት ተቀበለን። አባባ ተኝተዋል፣ ዛሬ እሷ ቤት እደሩ ብሎ አሌክሳንድሪያ እኔ ቤት አደረሰን። እሑድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የደብሩ ሽማግሌዎች፣ የሮማን አክስት ከዊተን፣ ዳዊትም ከኋላቸው ቆመዋል። ሮማን ከመኝታ ክፍሉ ብቅ ብላ ሲገቡ አየቻቸው። አንድም ቃል ሳይናገሩ አወቀች። እሷ ስትወድቅ የደገፍኳት እኔ ነበርኩ።

ከቀብር በኋላ ዳዊት ሁሉን ነገራት፤ እሱ የሚያውቀውን ሁሉ ማለት ነው። ሰኞ እንደደወለ፣ ቲኬት ለማስለወጥ እንደለፋሁ፣ ወንበር እንደጠፋ፣ እንዳንነግራት እንደተስማማን። ሮማን ለቅሶ ከተቀመጠችበት ተነስታ መጥታ አቀፈችኝ። "አምስት ቀን ሙሉ ብቻሽን ተሸከምሽልኝ" አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ጨዋ ልጅ ናት፣ የእናት ልጅ አታደርገውም አሉ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት ሆነ። በተዝካሩ አብሬ ወጥ ሠርቻለሁ፣ ለሙት ዓመቱ ሻማ አብርቻለሁ። ሮማን ሰው መንገድ ሲሄድ "እንደ እሷ ያለ ጓደኛ ይስጥሽ" ብላ ትመርቃለች። ያንን ስሊፐር አልጣለችውም፤ ሳይፈታ ቁም ሣጥኗ ውስጥ አለ። ምንም ሳትጠረጥር ስንት ጊዜ አሳይታኛለች።

ዝም ብዬ እሞት ነበር ይሆናል። ባለፈው መስከረም ግን አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ታመመችና እህቴ "በቶሎ ድረሺ" አለችኝ። ሮማን ከሥራዋ ወጥታ ቤቴ መጣች። እኔ እጄ ተሳስሮ ተቀምጬ እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆመች። አንዱ አየር መንገድ ወንበር የለም ሲላት ሌላው ጋ ትደውላለች፣ በሌላ ከተማ በኩልስ ትላለች፣ ሱፐርቫይዘር አገናኙኝ ትላለች። "ፕሊስ፣ አንድ ወንበር ብቻ፣ እናቷ ናት" ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ግማሽ ቀን ቆማ ለመነች። ሲገኝ እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች።

"ያኔ አንቺም ለእኔ እንዲህ ለምነሽ ነበር፣ አውቃለሁ" አለችኝ።

እናቴን ደረስኩባት። እጇን ይዤ፣ ውሃ በማንኪያ እየሰጠኋት፣ ዘጠኝ ቀን አብሬያት ሰነበትኩ። ስትመርቀኝ ሰማሁ። ስታርፍ ዓይኗን የከደንኩላት እኔ ነኝ። እያንዳንዷ ቀን ከሮማን እጅ የተቀበልኩት ነው፤ ሮማንን ግን ከዚያ አንዷን እንኳ ከልክያታለሁ።

ሦስቱ ፖስታዎች አሁንም አሉኝ። የፊታችን ቅዳሜ ይዤያቸው ሲልቨር ስፕሪንግ እሄዳለሁ። ነፍስ አባቴ ጋ ከእሷ በኋላ ነው የምደርሰው፤ እሳቸው ይፍታሽ ብለው ቢያቀሉልኝ፣ ሮማን ጋ የመሄድ አቅሙ እንደሚጠፋኝ ራሴን አውቃለሁ። በሯን ብትዘጋብኝ አላንኳኳም። ወጣት ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነበር፣ ዕረፍት አይቼ አላውቅም ነበር አልልም። ይቅርታም ቀድሜ አልለምንም፤ እሷ ደግ ናት፣ ሳትሰማ ይቅር ብላኝ ብትነሳስ? መጀመሪያ ፖስታዎቹን በሁለት እጄ እሰጣታለሁ። ከዚያ እነግራታለሁ፤ ሮማን፣ ወንበር ጠፍቶ አልነበረም። አልጠየቅኩም።