ሜዳው ምን ይላል?

ባለቤቴ ከሣሩ ዳር በቃሬዛ ተኝታለች። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ከንጋት ጀምሮ ደሟ አልቆም ብሏል። ከዋጫ ወደ ቦንጋ የሚወስደውን መንገድ ናዳ ዘግቶታል። ከላይ አንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ትዞራለች፤ አብራሪው በእጄ በያዝኩት ሬዲዮ "ሜዳው ምን ይላል?" ብለው መልሴን ይጠብቃሉ። የሜዳው ኃላፊ እኔ ነኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩ ከመናገሬ በፊት ግን ይህች ጥያቄ ከየት እንደመጣች ላውራ፤ አለዚያ ጨካኝ ባል አድርጋችሁ ትወስዱኛላችሁ።

"የሜዳው ኃላፊ" ስል ትልቅ ሹመት እንዳይመስላችሁ። ሜዳው ከዋጫ ወጣ ብሎ ያለ ሣር ነው። የአንድ እርዳታ ድርጅት አውሮፕላን ክትባትና መድኃኒት ታመጣበታለች፤ የጠናበት ሕመምተኛ ካለም ጅማ ታደርሳለች። እኔ የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቤቴ ለሜዳው ስለሚቀርብ ብቻ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ሣር ማሳጨድ፣ ከብት ማባረር፣ አውሮፕላኗ ከመነሣቷ በፊት የሜዳውን ሁኔታ በስልክ መናገር። ከብቱስ ይሁን፣ ከብት ነው። ያቃጠሉኝ ባጃጅ የሚለማመዱት ናቸው። ጠፍጣፋ መሬት አገኘን ብለው እዚያው ላይ እየተጠማዘዙ ሣሩን ያርሱታል። በአማርኛ ስሰድባቸው ሲስቁብኝ በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ እጨምርላቸው ነበር።

አብራሪው ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ የአዲስ አበባ ሰው ናቸው። አንድ የክረምት ማለዳ ደውለው "ወንድሜ፣ ሜዳው እንዴት አደረ?" አሉኝ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ሜዳውን አላየሁትም ማለት አልችልም፤ አይቼዋለሁ፤ ግን ከዳር ቆሜ ነው፣ ጫማዬ እንዳይበላሽ። "ምንም አይልም ካፒቴን" አልኳቸው።

እኛ ጋ "ምንም አይልም" መልስ አይደለም፣ ትሕትና ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው ሲጠየቅ ምንም አይልም ይላል። ጣሪያው የሚያፈሰውም እንዲሁ። ለሚጠይቅ ሰው፣ ያውም ለታላቅ ሰው፣ ክፉ ወሬ ማቀበል ይከብደናል። ካፒቴኑ ግን ሜዳው ደርቋል ያልኳቸው መሰላቸው።

ወትሮ ከመውረዳቸው በፊት አንድ ጊዜ ዞረው ያያሉ። ያን ቀን ከጫካው በኩል ደመና እየተጠጋ ስለነበር ሳይዞሩ ቀጥ ብለው መጡ። ጎማው መሬት የነካው መሃሉን አልፎ ነው። ፍሬን ያዙ፤ ሣሩ ግን ሊይዝላቸው አልቻለም። አውሮፕላኗ እየተንሸራተተች ሄዳ ጫፍ ላይ ያለው ቦይ ውስጥ በአፍንጫዋ ተተከለች። አብራ የመጣችው ነርስ የክትባት ሳጥኗን እንዳቀፈች ወጣች። ማንም አልተጎዳም።

ከሳምንት በኋላ አጣሪዎች መጡ። ሳምንቱን ሙሉ ውሸት ሳሰናዳ ነው የከረምኩት፤ እርጥብ ነው ብዬ ነበር፣ ስልኩ ተቆራርጦ ይሆናል ልል ነው። በእኛ ኔትወርክ ማን ይጠራጠራል? ካፒቴኑ ቀደሙኝ። "ሳልዞር ወረድኩ። መሃሉን አልፌ መሬት ስነካ መልሼ መነሣት ሲገባኝ ፍሬን ያዝኩ። ስህተቱ የእኔ ነው" አሉ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሰው ራሱን እንዲህ ሲያጋልጥ አይቼ አላውቅም፤ እኛ ቢሮ ፎቶ ኮፒው ሲበላሽ እንኳ ጥፋቱ የመብራት ነው። ውሸቴ አፌ ውስጥ ደረቀ። "እኔም አለሁበት፤ ሳልረግጠው ነው ምንም አይልም ያልኩት" አልኩ።

ካፒቴኑ አልተቆጡኝም። ቦቲ ጫማ አስደርገው ሜዳውን አብረን ዳር እስከ ዳር ሄድነው። "በየሃያ እርምጃው በተረከዝህ ጠበቅ አድርገህ ምታ። ተረከዝህ ከገባ አልወርድም" አሉኝ። ቀጥለውም "ምንም አይልም የምትላትን ተዋት። ሜዳው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፤ እሱ ያለውን ብቻ ንገረኝ" አሉ። አውሮፕላኗ ተጠግና ስትመለስ ለእኔም የእጅ ሬዲዮ መጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄያቸው ሜዳው ምን ይላል፣ መልሴም ተረከዝ ገባ ወይም አልገባም ሆነ።

እንግዲህ ባለቤቴ በቃሬዛ ወደተኛችባት ቀን ልመለስ። ሜዳውን እየሮጥኩ በተረከዜ መታሁት። እስከ መሃሉ ጠንካራ ነው። ከመሃል በኋላ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ። ግማሹ እኮ ደህና ነው፣ እሳቸው ጎበዝ ናቸው፣ አውሮፕላኗን ያወርዷታል ብዬ አሰብኩ። አልዋሽም፣ "ምንም አይልም" ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ባለቤቴ በቃሬዛው ላይ አንገቷን አዙራ ታየኛለች።

"ካፒቴን፣ ከመሃል በኋላ ተረከዝ ገባ።"

ቃሬዛው ላይ ማን እንዳለች ያውቃሉ። "እርግጠኛ ነህ?" እንኳ አላሉኝም። "ገባኝ፣ አልወርድም" አሉ። የአውሮፕላኗ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ሚስቴን በገዛ አፌ የገደልኳት መሰለኝ።

ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮው ተናገረ። "ወንድሜ፣ ከናዳው በላይ ነኝ። መኪና አያሳልፍም፤ በላይኛው ወገን ግን ሰው በእግር እየተሻገረ ነው። እስከዚያ በመኪና አድርሷት። ከማዶ አምቡላንስ እንዲጠብቃችሁ ለቦንጋ አስነግራለሁ።" አምቡላንሱ ብቅ እስኪል ከላያችን አልጠፉም።

እስከ ናዳው በመኪና ወሰድናት፤ ከዚያ ጎረቤቶቼ ቃሬዛውን ተሸክመው ጭቃውን ተሻገሩ። የአምቡላንሱ ነርስ ጎንበስ ብላ "እንዴት ነሽ እናቴ?" ስትላት ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ "ምንም አይልም" አለቻት። ነርሷ ደህና ናት ብላ ቀና ስትል ብርድ ልብሱን ገልጬ የባለቤቴን ተረከዝ ያዝኩ። በረዶ ሆኗል። "አትስሚያት፣ እግሯ ቀዝቅዟል" አልኩ። ነርሷ ነካችው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በሩጫ ሆነ፤ ግሉኮሱም እዚያው መንገድ ላይ ተሰካ።

ቦንጋ ሆስፒታል ደረስን፣ በቀዶ ጥገና ወለደች። ሁለቱም ተረፉ። ልጅቷ መዳፌ ላይ የምታልቅ ነበረች፤ ዛሬ ሜዳው ላይ እየሮጠች ከባጃጆቹ እኩል ታስቆጣኛለች። ካፒቴኑን ምን ብዬ እንደማመሰግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ስላልወረዱልኝ አመሰግናለሁ፤ ያን ጊዜ በአጣሪዎች ፊት ቢዋሹ ኖሮ እኔም አልማርም ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በየበዓሉ ይደውላሉ፤ ጤናዬን እንኳ ሳይጠይቁ "ልጅቷ ምን ትላለች?" ይሉኛል። እኔም ሳሏን፣ የወለቀ ጥርሷን፣ ያኮረፈችውን ሁሉ፣ ያለችውን አንድም ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ።