ስለ ጥቁር ጉድጓድ የተደረገ ግለ ሂስ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ገና የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ትዝታ አለኝ ለማለት ዕድሜዬም አይፈቅድ ይሆናል። ማንም አልሞተበትም፣ ማንም አልታሰረበትም። አንድ የፊዚክስ መምህር ስብሰባ ላይ ቆመው አንድ ዐረፍተ ነገር አረሙ፤ ይኸው ነው። ነገር ግን እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ ያገኘሁት ውጤት ከመጽሐፉ ጋር አልገጥም ባለኝ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

ደብረ ታቦር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን ነው። ግንቦት ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ከጉና ተራራ በኩል የመጣ በረዶ የክፍላችንን ቆርቆሮ ይደበድብ ጀመር። እንዲህ ሲሆን መደማመጥ ስለማይቻል ትምህርት ይቆማል። የፊዚክስ መምህራችን ግን ወደ ውጭ ወጡና አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ የበረዶ ፍሬ ይዘው ገብተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ድምፁ ጋብ ሲል፣

«የቱ ቀድሞ ያልቃል?» አሉን።

«ትንሹ!»

«ጥቁር ጉድጓድም እንደዚያው ነው።»

ትልቅ ኮከብ ነዳጁን ሲጨርስ በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ እንደሚደረመስ፣ ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጉድጓድ እንደሚሆን ነገሩን። ይህ ጉድጓድ እጅግ ቀስ እያለ ይተናል፤ ባነሰ ቁጥር ይግላል፣ በጋለ ቁጥር መትነኑ ይፈጥናል፤ መጨረሻ ላይ ይፈነዳል ብለው ያሰሉ ሊቃውንት አሉ። ሲፈነዳ ግን ማንም አላየም።

«መሐሉ ላይ ያለውስ ጋሼ?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ጓደኛዬ።

«ሲንጉላሪቲ ይባላል። ያ ሁሉ ክብደት አንድ ነጥብ ላይ የሚከማችበት ነው። እዚያ ሲደርስ የምናውቀው የተፈጥሮ ሕግ ያበቃል፤ ስሌታችን መልስ አይሰጥም።»

«እሱም ይፈነዳል?»

«አብሮ ይፈነዳላ!» አሉ ፈጠን ብለው።

«ጉና ላይ ቢፈነዳስ?»

«ያን ጊዜ የጉና ድንች ተቀቅሎ ይመጣልናል።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። «የተፈጥሮ ሕግ ያበቃል» ማለታቸው የፖለቲካ ትምህርት መምህሩ ጆሮ ደረሰ። ቁስ አካል ሕግ የሌለው ቦታ የለውም፤ ይህ ቁስ አካልን የሚክድ ሃሳባዊነት ነው ተባለ። መምህራችን በመምህራን ስብሰባ ላይ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተወሰነ፤ ጥፋታቸውን ካላመኑ ወዲያው ወደ እብናት ይዛወራሉ። ማትሪክ ደርሷል፤ ሌላ የፊዚክስ መምህር ደግሞ አልነበረንም።

የሳይንስ ክበብ ተወካይ ስለነበርኩ ስብሰባው ላይ እንድገኝ ተፈቀደልኝ። በሩ ላይ የኬሚስትሪው መምህር የመምህራችንን ክንድ ያዝ አድርገው፣

«ያነበብኩበት መጽሐፍ ሞስኮ የታተመ ነው በላቸውና ተገላገል» አሏቸው።

«መጽሐፉ ምን አደረገኝ? የተናገርኩት እኔ።»

ተራቸው ሲደርስ ተነሡ። «ጓዶች፣ ጥፋት አለብኝ።»

የፖለቲካው መምህር እስክሪብቶአቸውን አነሡ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

«ሲንጉላሪቲውም አብሮ ይፈነዳል ብያለሁ። ስህተት ነው። የተሰላው ጉድጓዱ ተንኖ ሲያልቅ ስለሚወጣው ጉልበት ነው፤ ነጥቡ ራሱ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። ቸኩዬ ልጆቹን አሳስቻለሁ። ነገ ክፍል ገብቼ አርማለሁ።»



«ጓድ፣ እርስዎ የተጠየቁት እኮ ስለዚያ አይደለም» አሉ የፖለቲካው መምህር። «ሕግ ያበቃል ስላሉት ነው።»

«እሱስ ልክ ነው። ያበቃል ያልኩት እኛ የምናውቀው ሕግ ነው። ያለቀው የእኛ እውቀት እንጂ ቁስ አካሉ አይደለም። ያልደረስንበትን ደርሰንበታል ብዬ አላስተምርም።»

የፖለቲካው መምህር እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ለመሆኑ... መቼ ነው የሚፈነዳው?» አሉ።

ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

«የኮከብ ያህል ከሆነ፣ ዓለም እስከ ዛሬ ከኖረችበት ዕድሜ እጅግ የበለጠ ይፈጃል።»

«እንግዲያው ከማትሪክ በፊት አይደርስብንም» አሉ ዳይሬክተሩ። «ዓመቱን ይጨርሱ። ዝውውሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይሆናል።»

በማግስቱ ክፍል እንደገቡ፣ ስም ከመጥራታቸውም በፊት ጠመኔ አነሡና «አብሮ ይፈነዳል» ብለው ጻፉ። ከዚያ በላዩ ላይ ሰረዙበት፤ ከሥሩ «አናውቅም» ብለው ጻፉ። የተሰረዘውን ሳያጠፉት ክፍለ ጊዜው አለቀ። መምህር ሰሌዳ ላይ ለራሱ ኤክስ ሲያደርግ ያን ቀን ነው ያየሁት። እስከ ፈተናው ድረስ አንድም ክፍለ ጊዜ ሳይቀሩ አስተማሩን፤ እኔም እዚህ የደረስኩት በዚያ ነው።

ዝውውሩ ግን አልቀረም። ካርድ ከሰጡን በኋላ ፍራሻቸውንና መጽሐፎቻቸውን ወደ እብናት የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ጫንንላቸው። ጓደኛዬ ጎማው ላይ ወጥቶ፣

«ጋሼ፣ ነጥቡስ?» አላቸው።

«አላውቅም አልኩህ እኮ፣ አንተ ልጅ! አንተ ከደረስክበት እብናት ድረስ ጻፍልኝ።»

መኪናው ተነሣ። ሰኔ 30 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር።