እናቴ ያጠበችው ፎቅ

እናቴ አሜሪካ፣ ስቶን ማውንቴን ያለው ቤቴ እንግዳ ሆና የተቀመጠችበትን ጊዜ ሳስበው፣ ቀኑ ሁሉ ከሰዓት በኋላ ይመስለኛል። ብርሃኑ በጥዶቹ መሃል ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እሷ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ እጆቿን ታያለች። ሳህኑን ማሽን ያጥባል፣ ልብሱን ማሽን ያጥባል። «ሥራ አስፈታሽኝ እኮ!» ትለኛለች። እኔ ቪዛዋ እስኪያልቅ እንድትቆይልኝ ስለት ልሳል ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን ማታ ማታ የቲኬቷን ነገር ታነሳለች።

አንድ ቀን ሳንዲ ስፕሪንግስ ካለው ሆስፒታል ሥራዬን ጨርሼ፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ፣ ሳሎኑ ውስጥ ይዘንባል። በሕልሜ ነው ብዬ ቆምኩ። ውሃው በአምፖሉ ዙሪያ ከጣሪያው እየተንጠባጠበ ሶፋው ላይ ያርፋል፤ ከላይ ደግሞ እናቴ ታንጎራጉራለች። አሜሪካ ከመጣች እንዲያ ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም።

ሮጬ ወጣሁ። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በባልዲ ውሃ እየደፋች፣ ልክ እንደ አገር ቤቱ ሲሚንቶ በመጥረጊያ ትገፋዋለች።

«ነይማ፣ የውሃው መውረጃ የት ነው? ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት» አለችኝ።

«እማዬ፣ መውረጃው ሳሎኑ ሆኗል!»

ወርዳ ያበጠውን ጣሪያ አየች። «ውይ በሞትኩት! የልጄን ቤት አፈረስኩት!» አለችና እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች። የዚያኑ ዕለት ሻንጣዋን በገመድ አሰረች። «ደግሞ ሳላቃጥልብሽ ልሂድ» አለች። ብለምናት፣ ብስቅ፣ ብቆጣ፣ ወይ ፍንክች!

የቤቱ ኢንሹራንስ ድንገተኛ ጉዳትንም ስለሚሸፍን ካሳ እንዲከፍሉኝ ክሌም አደረግኩ። ከኢንሹራንሱ የመጣው ሰው ጣሪያውን ፎቶ አንስቶ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ። ለእናቴ ተረጎምኩላትና ቀስ ብዬ «ሳላስበው ነው በይው» አልኳት።

«በስተርጅና አታስዋሺኝ! ባልዲው አምልጦኝ መሰለሽ? በገዛ እጄ፣ አስቤበት ነው የደፋሁት። ንገሪው!»

ያለችውን ሁሉ ነገርኩት። ሰውየው አሰብ አድርጎ «ጣሪያው እንዲበላሽ ፈልገው ነበር?» አለ።

«ምን ነካው ይሄ ልጅ! ወለሉ እንዲጸዳ ነው እንጂ!»

«እንግዲያው ድንገተኛ ነው» አለና ጻፈ።

በደስታ ዘልዬ አቀፍኳት። እሷ ግን «ቢሠራም ያጠፋሁት እኔው ነኝ» አለች። ሻንጣው በሩ አጠገብ እንደታሰረ ቀረ።

ሠራተኞቹ መጥተው የረጠበውን ጣሪያ ቆርጠው በአዲስ ሲተኩ፣ ቤቱ በሙሉ ነጭ አቧራ ለበሰ። ሶፋው፣ ደረጃው፣ የመስኮቱ ደፍ፣ ሁሉም ዱቄት የተነፋበት መሰለ። ብርሃኑ በአቧራው ውስጥ ቀስ ብሎ ይዋኛል። አለቃቸው «ጽዳቱንም ኢንሹራንሱ ይከፍላል፣ አሁን እናነሳዋለን» አለኝ።

ዘወር ብዬ እናቴን አየኋት። በጣቷ ጠረጴዛውን ጠረግ አድርጋ ጣቷን ታያለች።

«የለም፣ ተዉት። እናንተ ሂዱ» አልኳቸው።

በሩን ዘግቼ «እማዬ፣ እኔ ነገ በጠዋት ሥራ እገባለሁ። ይሄን ሁሉ አቧራ ማን ያነሳልኛል?» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ተንበርክካ የሻንጣውን ገመድ ፈታች፤ የሥራ ቀሚሷን አወጣችና ወገቧን ታጠቀች።

«በይ፣ ባልዲውን የት ነው የደበቅሽብኝ?» አለች።