የላኬዳይሞኒዮስ ገጽ

በስደት፣ ጋርላንድ ከተማ ካለች ትንሽ ማተሚያ ቤት በአራሚነት የገባሁ ቀን፣ ነባሩ አራሚ ጋሽ ሰዒድ ማስመሪያ አስያዙኝና፣ «እኔ ከደራሲው ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ አንቺ በፕሩፉ፣ በሙከራ ኅትመቱ ላይ መስመር በመስመር ተከተይ። ካልገጠመ ስቶፕ አድርጊኝ» አሉኝ። አዲስ አበባ ሳሉ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። ሙያውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ኢኮኖሚው ሲወድቅ ሥራ ጠፋ፤ ከስድስት ሠራተኞች ሦስት ቀረን። በዚያ መሐል አንድ የኮሌጅ መምህር የጥንት ግሪክ ቋንቋ መማሪያ ይዞ መጣ።

ግሪክኛ ሁለታችንም አናውቅም። «ላምዳ፣ አልፋ፣ ካፓ» እያልን ፊደል በፊደል እናርም ነበር። አንድ ሙሉ ገጽ የያዘው «ላኬዳይሞኒዮስ» የሚለው ቃል ነው፤ የስፓርታ ሰው ማለት። መምህሩ እንዳስረዳን፣ ቃሉ የከተማዋን ጌቶች ብቻ ሳይሆን በዙሪያዋ የሚኖሩትንም ይጨምራል። እነዚህ በሸንጎ ድምፅ የላቸውም፤ ጦርነት ሲመጣ ግን ይዘምታሉ።

ጋሽ ሰዒድ ሳቁ። «እኛው ነና! ቮት አናደርግ፣ ሥራ ሲመጣ ግን አለን።»

የቃሉ መጨረሻ እንደ አገባቡ ይለዋወጣል። ሰውዬው ራሱ ሲያደርግ ላኬዳይሞኒዮስ፣ የእሱ ለማለት ላኬዳይሞኒዩ፣ ለእሱ ሲሆን ላኬዳይሞኒዮ፣ እሱን ሲሆን ላኬዳይሞኒዮን። ብዙ ሲሆኑ ደግሞ ከላኬዳይሞኒዮይ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ገጹ ሁለት ሰንጠረዥ አለው፤ የነጠላና የብዙ።

የመጨረሻውን ፕሩፍ ጋሽ ሰዒድ ብቻቸውን አይተው ፈረሙበት። ወደ ማሽኑ ስወስደው አየሁት፤ የነጠላው ሰንጠረዥ ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ የብዙው የለም። አለቃችን አጠገባቸው ቆማለች። በሷ ፊት ላዋርዳቸው? ቆይቼ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ዋጥኩት። ከምሳ ስመለስ ታትሞ አልቋል። ያኔ ደግሞ ፈራሁ።

መምህሩ ስህተቱን አይቶ መጽሐፉን መለሰው። አለቃችን ፊርማቸውን አሳይታ አሰናበተቻቸው። ገብቼ ጥፋቱ የእኔም ነው ብላት፣ የፈረመው እሱ ነው አለችኝ።

ፓርኪንጉ ድረስ ተከተልኳቸው።

«አይቼው ነበር ጋሽዬ።»

«መቼ?»

«ሳይታተም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እንዳያፍሩ ብዬ።»

«ሶ፣ አሁን አላፈርኩም?»

መኪናቸውን አስነስተው ወደ ቤታቸው፣ ወደ ሜስኪት ሄዱ። ከዚያ በኋላ የትም ማተሚያ ቤት አልሠሩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለአዲስ አራሚዎች የምለው አንድ ነው። ስህተት ካያችሁ፣ አለቃም ታላቅም ይኑር፣ ያኔውኑ ተናገሩ። እኔ የጋሽ ሰዒድን ክብር ጠበቅሁ ብዬ እንጀራቸውን አሳጣኋቸው።