የማይበርደው ቸርኬ

እናቴ ጓሮ ውስጥ አንድ አሮጌ የመኪና ቸርኬ አለ። ዛሬ ገለባ ተጎዝጉዞበት ዶሮ ትታቀፍበታለች። ደብረ ታቦር በሄድሁ ቁጥር ከእናቴ ቀጥሎ የማየው እሱን ነው። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን ስነካው ዶሮዋ ትቆጣኛለች፤ የሷ ርስት ይመስላታል። በምን ተርፎ እዚህ እንደደረሰ ማን ይንገራት!

ልጅ እያለሁ ያ ቸርኬ የእናቴ ምድጃ ነበር። ከጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ ለምና አምጥታ በበያጅ ሦስት እግር አስበጀችለት። እናቴ ክረምት ክረምት ከመናኸሪያው ማዶ፣ አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ እሸት በቆሎ ትጠብስበታለች። የጉና ተራራ ንፋስ ጉሙን እየነዳ ሲወርድ ባጃጅ ነጂው፣ ዘበኛው፣ ከሌላ አገር መጥቶ ብርዱ ያንገበገበው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ የሚቆመው እሱ ዙሪያ ነበር። የበቆሎው ጠረን ከእርጥብ ጋቢ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የኔ ሥራ ማራገብ ነበር። ጭሱ ሲያስለቅሰኝ እናቴ "አልቅሰሽ ስትጨርሺ ንገሪኝ" እያለች ትስቅብኛለች።

የሰፈሩ ሴቶች እሳት የሚጭሩትም ከኛ ነበር። የተሰበረ ገል ይዘው ይመጡና ሁለት ሦስት ፍም አድርገውበት ይሄዳሉ። እሳት ሊጭር የመጣ አይከለከልም፤ የተጫረ እሳት ደግሞ አይመለስም፤ ወጉ እንዲያ ነው። ከሁሉም የሚያዘወትሩት ከጀርባችን ጠላ የሚሸጡት እትየ ጠጂቱ ነበሩ። ክብሪት መግዛት ኃጢአት የሚመስላቸው ሴት ናቸው። እናቴ ዘወር ሲሉላት "እኒህ ሴት የወሰዱትን እሳት ቢመልሱልኝ ከሰል መግዛት እተው ነበር" ትላለች።

አስፋልት ዳር መነገድ ክልክል ነው ከተባለ ወዲህ ግን ጎዳናው ሰላም አጣ። ደንብ አስከባሪዎቹ ሲመጡ ልብስ ሻጩ የሸራውን አራት ጫፍ በገመድ ሰብስቦ ይሮጣል። ሙዝ ሻጩ ጋሪውን ይገፋል። እሳት ይዞ የሚሮጥ ግን የለም። አንድ ክረምት የፊተኛውን ምድጃችንን ወስደውብን እናቴ የሰው ልብስ ስታጥብ ከርማ ነበር፤ እኔም መስከረም ሲጠባ ሳልመዘገብ ቀረሁ። እኩዮቼ ደብተር ይዘው ሲያልፉ በር ላይ ቆሜ ማየት ምን እንደሚመስል አውቄዋለሁ። ቸርኬውም ከሄደ የሚቀጥለው ዓመት ያው ነው።

በተከታዩ ክረምት፣ በፍልሰታ ጾም አንድ ከሰዓት በኋላ ደንብ አስከባሪዎቹ መጡ። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ነጠላውን እንዳጣፋ ይወርዳል፤ በቆሎ በደንብ የሚሸጥበት ሰዓት ነው። ፒካፗ አጠገባችን ቆመችና አለቃቸው ወረደ። ከኋላው መላኩ የሚባለው ወጣት ተከተለ፤ የኛው ደብር ልጅ ነው፤ በዋዜማው እኛው ምድጃ ላይ እጁን ሲያሞቅ ነበር።

"እትየ፣ ያንሱት እንጂ። ስንቴ ይነገርዎት?" አለ መላኩ መሬት መሬት እያየ።

"እኔ መች እምቢ አልሁ? አንሳው እስቲ የኔ ልጅ" አለች እናቴ።

ጠርዙን ገና ሲነካው ዘሎ ወደ ኋላ አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

"ውሃ ድፋበት!" አለ አለቃው።

መላኩ ጀሪካን አነሳ። እናቴ ብድግ አለች። "እሳት ላይ ውሃ አይደፋም። ውሰዱት፤ ግን እሱ ራሱ በርዶ" አለችው። መላኩ ጀሪካኑን መልሶ አስቀመጠው። እሱንም ያሳደገችው የዚያ አገር እናት ናት።

አለቃው ተናደደ። የከሰሉን ማዳበሪያ ራሱ ተሸክሞ ፒካፗ ላይ ወረወረውና "እንግዲያው እስኪበርድ እንጠብቃለን" ብሎ እጁን አጣምሮ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጊዜ ምን ብዬ ልናገረው። ፍሙ ከዳር ጀምሮ አመድ እየለበሰ መጣ። ባራግብ ነዶ ቶሎ ያልቃል፣ ባላራግብ ይጠፋል፤ ማራገቢያዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። በጉና በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እናቴ ዓይኗን ከፍሙ አልነቀለችም። መሐል ላይ የቀረችውን ቀይ ፍም እያየሁ እመቤቴን ለመንኋት፤ ሌላ የማውቀው ጸሎት አልነበረኝም።

በዚህ መሐል እትየ ጠጂቱ ያንን ገል ይዘው ብቅ አሉ። እንዴት እንደተናደድሁ! ለመጨረሻዋ ፍም መጡ ብዬ ልጮህባቸው ምንም አልቀረኝ። ቀረብ ሲሉ ግን ገሉ ባዶ አልነበረም። የቀላ ፍም ሞልቶታል።

"ያኔ የጫርሁትን ልመልስ ብዬ ነው" አሉና ምድጃው ላይ ገለበጡት።

"ምንድን ነው ይሄ? ከሰል ክልክል ነው!" አለ አለቃው።

"ከሰልማ የት አባቴ አግኝቼ! የሰው እሳት ነው። በፍልሰታ የሰው ነገር ይዤ ልቁረብ እንዴ የኔ ጌታ?"

እሳቸው ዞር ሳይሉ ሌላዋ መጣች። ከሷ ኋላ ሌላ። አንዷ በገል፣ አንዷ በቆርቆሮ ክዳን፣ አንዷ በአሮጌ መጥበሻ። ሁሉም "የጫርሁትን ነው" ይላሉ። አለቃው አንዷን ሊከለክል ክንዱን ዘረጋ፤ ቅዳሴ የወጣው ሕዝብ ከብቦ አፍጥጦ አየው። ክንዱን መለሰ። ዝናቡ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር አለቀልን አልሁ። አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ዘረጋች፤ ከራሷ በላይ ሳይሆን ከእሳቱ በላይ። ነጠላዋ በስብሶ ከገላዋ ተጣበቀ።

እኔም ማራገብ ጀመርሁ። እናቴ የቀሩትን በቆሎዎች ደረደረች። ገና እህል ባልቀመሱ ሰዎች አፍንጫ ሥር ያ ጠረን ሲነሳ የአለቃው ጉሮሮ ወጣ ወረድ ሲል አይቻለሁ። የመንግሥት ሥራ ሰዓት አልቆም ቸርኬው እንደጋለ ነበር። አለቃው "ሌላ ቀን እንገናኛለን" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። መላኩ ከመሳፈሩ በፊት እጁን ለአፍታ እሳቱ ላይ ዘረጋ፤ እናቴም አልከለከለችውም።

ሌላ ቀንም መጡ፤ እናቴም ወደ ሰፈሩ ውስጥ እየሸሸች ቆይታ ኋላ የመሸጫ ቦታ ተሰጣት። ያን መስከረም ግን ደብተር ይዤ ከእኩዮቼ ጋር አለፍሁ። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት" ሲባል ለኔ እስከ ዛሬ የሚታየኝ በፍም የተሞላ ገል ነው።

ዘንድሮ በፍልሰታ በዚያው በመናኸሪያው ማዶ ሳልፍ አንዲት ወጣት ምድጃዋ ላይ አጎንብሳ አየሁ። ሁለት ደንብ አስከባሪዎች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ እስኪበርድ እየጠበቁ። ሰው ያልፋል። አጥሩ ሁሉ ቆርቆሮ፣ በሩ ሁሉ ዝግ ነው፤ ዛሬ ማን ከማን እሳት ይጭራል? እጄን አየሁት፤ ስልክና ቁልፍ ይዟል። ቤቴ ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ ከየት አምጥቼ ምን ልመልስላት? ልጅቷ ያኔ እንደ እናቴ ዓይኗን ፍሙ ላይ ተክላ ሳያት ግን እግሬ ማለፍ አልቻለም።

"አንድ በቆሎ ጥበሺልኝ" አልኋት።

ቀና ብላ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ደንብ አስከባሪዎቹን አየች።

"በደንብ የበሰለ ነው የምወደው፤ አልቸኩልም" አልሁና ማራገቢያዋን አንስቼ ከጎኗ ቁጢጥ አልሁ።