ላስቲክ የለበሰችው መኪና

አባቴ ጥቁር አረንጓዴ የሆነች ጣሊያን ሠራሽ መኪና ነበረችው። እኔ ከመወለዴ በፊት፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመንገድ ንድፍ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ነው አዲሷን የገዛት። የምንኖረው ካዛንቺስ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገባ ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። ቤታችን አንድ ሳሎንና ሁለት መኝታ ነው። ከግቢው ጥግ በቆርቆሮ የተሠራው የመኪናዋ ጋራዥ ከእኔ መኝታ ይሰፋ ነበር።

ዘጠናዎቹ ሲጀምሩ መኪናዋ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሆኗታል። እኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ይዣለሁ፤ አባቴ ጡረታ ወጥቷል። መኪናዋን ያየ ሰው ግን ትናንት ከወደብ የገባች ነው የሚመስለው። ኮፈኗ ላይ ፊትህን አይተህ ጺምህን መላጨት ትችል ነበር።

አባቴ ቀለሙን የሚጠብቅበት ሕግ ነበረው። አቧራ በደረቅ ጨርቅ አይነካም፤ አቧራ ማለት አሸዋ ነው፣ ይቧጭራል። መጀመሪያ ውኃ ከጣሪያው ወደ ታች ይፈስሳል፤ ቀጥሎ በደንብ የታጠበ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ በስሱ ይሄድበታል። የልብስ ሳሙና ቀለም ስለሚያነጣ አይቀርባትም። የወፍ ኩስ ከወደቀባት ምሳም ቢሆን ተቋርጦ ይታጠባል። ከታጠበች በኋላ በሮቿ ሁሉ ተከፍተው ግማሽ ቀን ትደርቃለች። ከዚያ በዓመት ሁለቴ ሰም ትቀባለች፣ በመጨረሻም እናቴ የሰፋችላትን የአቡጀዲ ልብስ ትለብሳለች። አቡጀዲው ለምን ከወፍራም ሸራ እንደሚሻል አባቴ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያስረዳ ነበር። «ያስተነፍሳታል» ይላል።

የምትወጣው በዓመት ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ነው። ለቦሎ ምርመራ ትወጣለች። ለቅርብ ዘመድ ሠርግ፣ ቀኑ ደመናም ዝናብም ካልሆነ፣ ፀሐዩም ካልከረረ ትወጣለች። በተረፈ እሑድ እሑድ ጋራዡ ውስጥ እንዳለች ሞተሯን አስነስቶ ሩብ ሰዓት ያህል አጠገቧ ይቆማል። እናቴ ታይፒስት ነበረች። ከሥራ ስትወጣ በቂርቆስ በኩል አልፋ አትክልት ትገዛና በሁለት እጇ ዘንቢል ይዛ ታክሲ ትጋፋለች። ይህ ለሦስታችንም እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም።

አንድ የመጋቢት ጠዋት አባቴ ጥርሱን ሲቦርሽ ብሩሹ ከቀኝ እጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል እግሩም ከዳው። ስትሮክ ነው ተባለ። ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ ምላሱ ደህና ነበር፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዝ አሉት። ሰኔ ላይ እናቴ ይዛው ቢሾፍቱ፣ እህቱ ቤት ሄዱ፤ አየሩም ይሻለዋል፣ አስታማሚም አለ ተብሎ ነው። ክረምቱን ቤቱንና መኪናዋን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ።

እነሱ በሄዱ በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤታችን ግቢ ፈረሰ። ፎቅ ሊሠራበት ነው። የሲሚንቶው ብናኝ በጋራዡ ቆርቆሮና በጣሪያው መሃል ባለው ክፍተት ይገባና አቡጀዲው ላይ ይተኛል። ጠዋት አራግፌው ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ማታ ስመለስ ግራጫ ሆኖ ይጠብቀኛል። በአሥረኛው ቀን ሰለቸኝ። አንድ ቅዳሜ መኪናዋን አጠብኳት፤ እንደ ጨረስኩ ሰማዩ ጠቆረ፤ ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቅ ወፍራም ላስቲክ በሜትር አስቆርጬ መጣሁና ከጣሪያዋ እስከ ጎማዋ ጠቀለልኳት። ብናኝ እንዳይገባ ከሥር በገመድ ዙሪያዋን አሰርኩ። በሥራዬ ረክቼ ነበር።

አባቴ በየሳምንቱ ይደውላል።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፤ ሸፍኛታለሁ።»

«አቡጀዲውን ታራግፋለህ?»

«አዎ» አልኩት። አቡጀዲው ያን ጊዜ ታጥፎ መኝታዬ ሥር ነበር።

ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። ዝናቡ የጋራዡን አፈር ወለል ከሥር አረሰረሰው። እኔ ጋራዡን የምከፍተው አካፋ ወይም መሰላል ስፈልግ ብቻ ነበር። ላስቲኩ ከውስጥ ጭጋግ እንደ ያዘ መስኮት ነጭ ሆኖ አይቼዋለሁ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አላሰብኩበትም።

መስከረም ሲጠባ ተመለሱ። አባቴ በከዘራ ይራመዳል። ቤት ገብቶ እንኳን ሳይቀመጥ ወደ ጋራዡ አቀና፤ እኔ ቀድሜ ገመዱን ፈታሁ። ላስቲኩን ስገፍ ውኃው እጄ ላይ ወረደ።

ቀለሙ አረፋ አውጥቶ ነበር። ኮፈኗ፣ ጣሪያዋ፣ የቀኝ በሯ ግማሽ፣ ሁሉም በምስር በሚያህሉ፣ አንዳንዱም ሳንቲም በሚያህል እብጠት ተሸፍኗል። አባቴ ከዘራውን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ በግራ እጁ አውራ ጣት አንዱን እብጠት ተጫነው። ፈነዳና ዝገት የቀላቀለ ውኃ አወጣ። ከሥሩ ላሜራው ታየ።

«ስትሸፍናት ደርቃ ነበር?» አለኝ።

«አልደረቀችም ነበር። ዝናብ መጣብኝና...»

«እሺ» አለ።

ገብቶ ምሳውን በላ። ያን ሳምንት ሙሉ ስለ ምሳው፣ ስለ ጎረቤቱ ፎቅ፣ ስለ ቢሾፍቱ ንፋስ አወራን። ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር። እንዲጮህ ፈልጌ ሁለቴ ወሬውን አነሳሁ፤ ሁለቴም ሌላ ነገር ጠየቀኝ።

በሳምንቱ ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር ወዳለ አንድ ጋራዥ ይዣት እንድሄድ ነገረኝ። አብሮኝ መጣ። በተሳፋሪው ወንበር ሲቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ቀበቶውን ሲፈልግ እጁ በለመደው ወገን ሄደ። ቀለም ቀቢው ዕድሜው ከአባቴ ብዙም የማያንስ፣ የጣቶቹ ጥፍር በየቀለሙ የተዥጎረጎረ ሰው ነው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ መታ መታ አደረጋት።

«ጋሼ፣ ላሜራዋ ጤነኛ ነው» አለ። «ዝገቱ ገና ከላይ ነው። ቀለሙ ግን እስከ ታች ተነስቶ እንደ አዲስ መቀባት አለበት። ሦስት ሳምንት ይስጡኝ።»

«ይህንኑ አረንጓዴ ታገኛለህ?»

«አልዋሽዎትም። ቅርቡን ነው የማገኘው።»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው አትቀባት። ያበጠውን ፋቅ፣ ፀረ ዝገት ቀባባት፣ በቃ።»

«እንዲሁ ተዥጎርጉራ?»

«ትዥጎርጎር።»

ቀለም ቀቢው ወደ እኔ አየ፤ እኔ መሬት አየሁ። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ አረንጓዴው ላይ ግራጫ ግራጫ ልጥፍ የያዘች ሌላ መኪና ቆማ ጠበቀችን። አባቴ ገባና በሩን ዘጋ። ወደ ቤት ልታጠፍ ስል «ላንቻ ሂድ» አለኝ። ላንቻ የድሮ የሥራ ባልደረባው ይኖራል፤ በስልክ ካልሆነ ለዓመታት አልተገናኙም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ስለ ጎጃም መንገድ ተከራከሩ። መኪናዋ ውጪ፣ ጥላ በሌለበት ቆማ ነበር። በመስኮት አየኋት። አባቴ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነበር የተቀመጠው።

ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጁና ለእግሩ እንቅስቃሴ ሕክምና እንዲመላለስ አዝዞታል። እኔ ቢሮ ነኝ። ሚኒባስ ላይ መውጣት ለአባቴ ትልቅ ሥራ ነው፤ ረዳቱ «ቶሎ በሉ» ሲል እግሩ ጭራሽ ይደርቃል። አንድ ቀን እራት ላይ ይህንኑ ስናወራ እናቴ ሳህኗን ገፋ አድርጋ «እኔ እነዳታለሁ» አለች።

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

«መንጃ ፈቃድ የለሽም እኮ» አላት አባቴ።

«አወጣለኋ።»

«በዚህ ዕድሜሽ?»

«ሃያ ምናምን ዓመት ሽንኩርት ተሸክሜ ከቂርቆስ ካዛንቺስ ስመላለስ ዕድሜዬን ማን ጠየቀኝ?»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ብትጠይቂኝ እኮ እወስድሽ ነበር።»

«ጠይቄህ ነበር። አንድ ጊዜ ዝናብ ነው አልከኝ፣ አንድ ጊዜ ፀሐይ ነው አልከኝ። ከዚያ መጠየቅ ተውኩ።» ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው፤ ደብዳቤ እንደምታነብ ዓይነት። አባቴ «እውነትሽን ነው» አለ።

ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነበር። መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ገባች። አሠልጣኙ ልጇ የሚሆን ወጣት ነው፤ «እናቴ፣ ፍሪሲዮኑን በግራ እግርዎ ቀስ ብለው ይልቀቁት» እያለ ሁለት ወር አለማመዳት። ማታ ማታ የመንገድ ምልክቶችን ወረቀት ላይ ሥላ አባቴ እንዲፈትናት ታደርጋለች። የመንገድ ሥራ ሰው ነውና ይህ ደስ ይለው ነበር፤ ስትሳሳት በግራ እጁ ጠረጴዛውን ይመታል። የተግባር ፈተናውን በመጀመሪያው ወደቀች፣ በሁለተኛው አለፈች።

መኪናዋን ይዛ በወጣች በአራተኛው ቀን ግቢ ስትገባ የበሩን ቋሚ ብረት ገጨችው። የግራ ጎኗ ከፊት ጎማዋ ፓራፋንጎ እስከ ኋላ በር ድረስ ተላጠ። እኔ ሳሎን ነበርኩ፤ ድምፁን ሰምቼ ወጣሁ። እናቴ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ አልተንቀሳቀሰችም። አጠገቧ የነበረው አባቴ በሩን ከፈተ፣ ከዘራውን አወጣ፣ ቀስ ብሎ ዞሮ መጣ፣ ጭረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

«የሚላጥ ገና ብዙ ቦታ አላት» አላት።

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ ለቅሶም ነበረበት።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ጋራዥ የምትገባው ለማደር ብቻ ሆነ። ሕክምና፣ ገበያ፣ ለቅሶ ቤት፣ ላንቻ። አባቴ ዳቦ ለመግዛት እንኳ አብሯት ይወጣል፤ ስፖኪዮውን እሱ ያስተካክላል፣ እሷ መልሳ ታስተካክላለች። አንድ ቀን ሰንጋ ተራ አካባቢ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። ሊብሬው ላይ «አረንጓዴ» ይላል።

«እናቴ፣ ይቺ መኪና ምን ዓይነት ቀለም ናት?»

«ያረጀች አረንጓዴ ናት» አለችው። ፖሊሱ ዞሮ አያትና ወረቀቱን መለሰላት።

አባቴ እንዲህ ሦስት ዓመት ኖረ። አንድ ቅዳሜ ሁለታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ «ያን ጊዜ ተናደህብኝ ነበር?» አልኩት።

«አንድ ሳምንት» አለኝ። «ከዚያ ደከመኝ።» ቀጥሎም እንዲህ አለ፦ «አቡጀዲውን እያራገፍኩ ነው ማለትህ ግን ጥሩ አልነበረም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅክ ጥሩ።» በጉዳዩ የተነጋገርነው ይኼው ነው።

እሱ ሲያርፍ እናቴ መንዳቷን አላቆመችም። ሰፈራችን ለልማት ተፈልጎ ወደ ኮንዶሚኒየም ስንዛወር መኪናዋ ሜዳ ላይ ማደር ጀመረች፤ ያን ጊዜ አረንጓዴው ራሱ በፀሐይ ነጥቶ ከግራጫው ብዙም አይለይም ነበር። እናቴ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ጀምሯት ሐኪሙ መንዳት ሲከለክላት፣ መኪናዋን ለመለዋወጫ ለሚፈልጋት አንድ መካኒክ ሸጥናት። ቁልፉን ሰጥታው ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ ያዝ እንደምታደርግ ነገረችው። ሲነዳት ቆማ አላየችም።

ወደ ቤት የተመለስነው በሚኒባስ ነው፤ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥን። ሁለት ፌርማታ እንደሄድን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና ሹፌሩ ልጅ እግሩን ከፍሪሲዮኑ ላይ እንደማያነሳ፣ በዚህ አነዳዱ ሚኒባሱን ዓመት እንደማያቆየው ነገረችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደላድላ እስክንወርድ ድረስ እግሩን ስትከታተል ቆየች።