የጋሽ ይመር የቀኝ ፍሬቻ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አላወጣሁትም። ለእናቴ አልነገርኳትም። ሶላቴን ጨርሼ እጄን ስዘረጋ እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ ስሙን አልጠራውም፤ አላህ ያውቀዋል ብዬ እተወዋለሁ። እሱማ ያውቃል። የማታውቁት እናንተ ናችሁ። ስጨርስ ደግሞ "ልጅ ነበረች" እንዳትሉኝ። ልጅ አልነበርኩም። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምጠብቅ፣ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ የሚደርስ ሴት ነበርኩ።

የመርሳ ልጅ ነኝ። አጎቴ በዋናው መንገድ ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ቤት መቀመጥ ስለማይሆንልኝ ከትምህርት መልስ እዚያ ነበር የምውለው። አምፖል መቀየር፣ የተበጠሰ ሽቦ መፈለግ ለመድኩ። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ይስቁብኝ ነበር። አንዱ "ማግባት እንዲህ ያለችውን ነው፤ ግራና ቀኜን ታሳየኛለች" ሲል፣ "ለአንተ መብራት ብቻ አይበቃም፣ መሪም ያስፈልግሃል" አልኩት። አጎቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቀስ በቀስ እኔኑ ብለው የሚመጡ ደንበኞች አገኘሁ። ያ አበላሸኝ። "እኔ የነካሁት መኪና ለዚያው ብልሽት ተመልሶ አይመጣም" ማለት ጀመርኩ። ሳልጠየቅም እላለሁ።

ጦርነቱ ወደ ወልድያ በተጠጋበት ክረምት አጎቴ ልጆቹን ይዞ ወደ ደሴ ሄደ። ቁልፉን ለእኔ ተወልኝ። ጋሽ ይመር የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። አሮጌ ነጭ ፒካፕ ነበራቸው፤ በደህናው ጊዜ ከሀብሩ ገጠር ማንጎና ሽንኩርት ይጭኑበታል። ያን ሰሞን ግን የሚጭኑት ሰው ነበር። ባዶውን ወደ ወልድያ ይወጣሉ፣ ሴትና ሕፃን ሞልተው ይመለሳሉ።

"የኋላ ፍሬቻዬ አስቸገረኝ ልጄ፤ የቀኙ። ስታጠፍ ይጠፋል፣ ሳልታጠፍ ይበራል" አሉኝ።

"ለአንቱም አልታዘዝ አለ?"

"ቤቴስ ማን ታዘዘኝ!" ብለው ሳቁ።

አምፖሉን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ፊውዙን አየሁ፤ ደህና ነው። ፍሬን እንዲረግጡልኝ ነገርኳቸውና ከኋላ ቆምኩ። ቀዩ የፍሬን መብራት ሲበራ ቢጫው ፍሬቻም አብሮት ይበራል፤ ሲለቁት ይጠፋል። ያኔ ገባኝ። ማሳው ነው። ማሳ የምንለው ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናው ብረት የሚመልሰውን ሽቦ ነው። እሱ ሲላላ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣና በማይመለከተው መብራት በኩል ይሾልካል። ሽቦው የታሰረበት ብሎን ዝጎ ነበር። ብሎኑን ፈትቶ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው ሥራው። ከባድ አይደለም። አውቀዋለሁ።

አላደረግሁትም። ለምን? ዝናብ ነበር፣ ጭቃ ላይ መተኛት አስጠላኝ። መንገዱ ፍራሽና ፍየል በያዘ ተፈናቃይ ተሞልቷል፤ ወጥቼ ማየት፣ ወሬ መስማት ፈለግሁ። እግሬ ሥር እሳት ያለ ይመስል አላስቆም አለኝ። ሽቦውን በዛገው ብሎን ላይ ጠምዝዤ በፕላስተር ጠቀለልኩት። መኪናው ቆሞ ሲሞከር ሠራ። "ለዚህ እንኳ አይመለሱም" አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ያን ምርቃት ምን ላድርገው?

ከተማው ያን ጊዜ በጥርጣሬ ታሞ ነበር። ሲመሽ ባትሪ ያበራ ይያዛል፤ ስልክ ይዞ ጉብታ ላይ የወጣ ይያዛል። ተራራው ላይ ማን እንዳለ የሚያውቅ የለም፣ ግን ሁሉም ወደ ተራራው ያያል። መውጫው ላይ የሰፈር ልጆች ገመድ ወጥረው መኪና ይፈትሻሉ። ስለ ጋሽ ይመርም ሹክሹክታ ነበር፦ ሰው ሁሉ ወደሚሸሸው አገር ባዶ መኪና ይዞ የሚመላለስ ምን ፈልጎ ነው? ሰምቼዋለሁ። አልተናገርኩበትም።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ገመዱ ጠሩኝ። ጋሽ ይመር ከሲሪንቃ ቁልቁል ሲወርዱ ከኋላቸው የነበረ መኪና ተሳፋሪዎች "ይህ ሰው በኋላ መብራቱ ለተራራው ምልክት ይሰጣል" ብለው ተናግረዋል። ያመጧቸው ሴቶች ዙሪያቸውን ከበው "ኧረ የሰው ያለህ፣ ያወጣን እሱ ነው!" ይላሉ። የሚሰማቸው የለም።

"አንቺ የመኪና መብራት ታውቂያለሽ አይደል?" አለኝ ጠመንጃ የያዘው። አብሮኝ የተማረ ልጅ ነው።

ጋሽ ይመር ሲያዩኝ ፊታቸው ፈካ። "እሰይ! የሠራችውም እሷ ናት። ንገሪያቸው እስቲ ልጄ። ብቻውን ነው የሚበራው በያቸው።"

"ሰው ሳይነካው ፍሬቻ ብልጭ ድርግም ይላል?" አለኝ ልጁ።

ይላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዝ ለቀቅ ሲደረግ፣ ማሳው የላላ ፍሬቻ ይላል። ፍሬን አንዴ ርገጡና እዩት ብል ይበቃ ነበር። ግን ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ ነበር። "ታዲያ ማን ነው የሠራው?" ሊሉ ነው። ምልክት እንዲሰጥ አድርጋ ያሰረችው እሷ ናት ሊሉ ነው። ይህን ፈራሁ። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ሞት ያስፈራል፣ ማንም ይረዳዋል። ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፣ እሱን ነው የምናዘዘው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሥራዬ ተበላሸ ማለት አፈርኩ። አዎ። በሰው ነፍስ ላይ ቆሜ ስለ ስሜ አሰብኩ።

"ሰው ካልነካው አይበራም" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።

"ልጄ?" አሉ ጋሽ ይመር። አልተቆጡም። የምጨምረው ያለ መስሏቸው ጠበቁኝ።

አልጨመርኩም። እጃቸውን አስረው በገዛ ፒካፓቸው ጫኗቸው፤ ሌላ ሰው ያዘው መሪውን። ሊወጣ ሲል ጭቃው ላይ ፍሬን ያዘ፤ ቢጫው መብራት ብልጭ አለ። ለቀቀ፤ ጠፋ። ደግሞ ብልጭ አለ። ጋሽ ይመር ታስረው ከመሪው ርቀው ተቀምጠዋል፣ መብራቱ ይበራል። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያያል፣ ያየ ግን የለም። እኔ አየሁ። መኪናው ገና ከአጠገባችን ነበር። ብጮህ ይሰማሉ። ለምን አልጮህኩም? ይህንን ስንት ጊዜ ራሴን እንደጠየቅሁ አትጠይቁኝ።

ብዙም ሳይቆይ መርሳም ተያዘች፤ ሁላችንም ተበተንን። ስንመለስ ስለ ጋሽ ይመር ወሬው ብዙ ነበር። አንዱ እስር ቤት አየኋቸው ይላል፣ ሌላው መንገድ ላይ ቀርተዋል ይላል። እስከ ዛሬ አልመጡም። መቃብራቸውንም ያሳየ የለም።

ፒካፑ ግን ተገኘ። የባለቤታቸው የእትዬ ዘይነብ ወንድም አስጎትቶ፣ ከደሴ በተመለሰው አጎቴ ግቢ አስገባው። "ነገ ባትሪ አምጥቼ ያን መብራት አየዋለሁ፣ ሰዉም ይይ" ብሎ ሄደ። አሁን የምነግራችሁ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። አጎቴ ለምሳ ሲወጣ በሩን ዘጋሁ። መሬት ላይ ተኛሁ፣ ብሎኑን ፈታሁ፣ ዝገቱን ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቅሁ፣ አጠበቅሁ። እንደዚያ ያለ ጥሩ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። በማግስቱ ሰውየው ሞከረ። ፍሬኑን ረገጠ፤ ቀዩ ብቻ በራ። ደጋግሞ ረገጠ። ከዚያ ወርዶ ባትሪውን ፈትቶ ሄደ።

ረመዳን ሊገባ ሲል በእኛ አገር ሰው አፉ ይባባላል። የተቀየመም ያስቀየመም ይቅርታ ተጠያይቆ ነው ፆሙን የሚይዘው። እትዬ ዘይነብ እኛ ቤት መጡ። ሊያንቁኝ መስሎኝ ነበር። አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

"በሆዴ ስረግምሽ ከረምኩ ልጄ። በሐሰት መሰከረችበት እያልኩ። ወንድሜ ግን መብራቱ ደህና መሆኑን አይቶ ነገረኝ። እንግዲህ ሰውዬው ምን ነክቶት እንደሆነ አላህ ይወቀው። ለልጆቹም ምን እንደምላቸው አላውቅም። ፆሙ ሳይገባ አፉ በይኝ።"

ባላቸውን በአንድ ቃል ወሰድኩባቸው። ስማቸውን ደግሞ በአንድ ብሎን። ሴትየዋ አብረዋቸው የኖሩትን ሰው መጠርጠር ጀምረው እኔን ይቅርታ ይለምኑኛል። እኔስ ምን አልኩ?

"አፉ ብያለሁ እትዬ" አልኩ። ግንባሬን ሳሙኝ።

አፉ በሉኝ አልላችሁም። የእናንተ አይደለም ይቅርታው። ከእትዬ ዘይነብም አልለምነውም፤ የእሳቸውን ይቅርታ አንዴ ሰርቄዋለሁ። ይህን የጻፍኩትን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ። ማንበብ አይችሉም፣ እኔ አነብላቸዋለሁ፤ ልጆቻቸውም ይስሙ። ካባረሩኝ ከአጥሩ ውጪ ሆኜ፣ ጎረቤት እየሰማ አነባለሁ። ከዚያ ያሻቸውን ያድርጉኝ።

ጋሽ ይመር ፍሬቻውን አልነኩትም። ብቻውን ነበር የሚበራው። አውቅ ነበር።